የፈርነሱን ፓስወርድ ለቴክኒሺያኑ ስጡት!

በአንድ ላብራቶሪ ውስጥ «ተቃጥሏል» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ፈርነስ አየሁ። እስከ 1400 ዲግሪ የሚደርስ ምድጃ ነው። ከ900 በላይ አልወጣ ስላለ ለወራት ቆሟል። የተማሪዎች ናሙና በፌስታል ታስሮ መደርደሪያ ላይ ይጠብቃል። የአዲስ ግዥ ጥያቄ ተጽፎ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ይዟል።

ፈርነሱ ግን አልተቃጠለም! ኮንትሮለሩ ውስጥ «ፓወር ሊሚት» የሚባል ቁጥር አለ። ይህ ቁጥር ገጣሚው ባለሙያ መጀመሪያ እንዳስቀመጠው 40 ከመቶ ላይ ነበር። ማንም አልነካውም። ፓስወርዱን አቅራቢው ይዞት ሄዷላ!

ፓወር ሊሚት የሙቀት ገደብ አይደለም። ኮንትሮለሩ ለኤለመንቶቹ መስጠት የሚችለው ከፍተኛ ኃይል ነው። እንዲህ ባሉ ምድጃዎች ውስጥ ያለው የሲሊከን ካርባይድ ኤለመንት ደግሞ ያረጃል። ሲያረጅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ሬዚስታንሱ እጥፍ ሲሆን፣ ቮልቴጁ ካልተለወጠ፣ የሚያወጣው ኃይል በግማሽ ይወርዳል። ያኔ 40 የነበረውን ሊሚት ወደ 80 ማድረስ የቀድሞውን ኃይል ይመልሳል። አምራቹ በዝቅተኛ ቁጥር የሚጀምረው ለዚሁ ነው፤ ለእርጅና ቦታ ሲተው። እኛ ቦታውን ቆልፈን ዕቃውን «ሞተ» እንላለን።

«ቢከፈትማ ሁሉም 100 ያደርገዋል» የሚሉኝ ኃላፊዎች አሉ። ስጋታቸው እውነት አለው። አዲስ ኤለመንት ላይ ሊሚቱን 100 ማድረግ ፊውዝ ያቃጥላል፣ ኤለመንቱንም ሊሰብር ይችላል። ያረጀው ኤለመንት ተቀይሮ ሊሚቱ 80 ላይ ከተረሳም ጉዳቱ ያው ነው። ግን ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የሚያስረዳው የሚያውቅ ሰው እንደሚያስፈልግ ነው። ቁልፍ አያውቅም። ቁልፍ ኤለመንቱ ማርጀቱን አያይም፣ አዲስ መግባቱንም አያይም።

የእርዳታ ዕቃውም ሌላ ጉድ ነው። በውጭ ያሉ ወገኖቻችን ከአሜሪካ የላኩትን 208 ቮልት የሚል ፈርነስ የእኛ 220 ላይ ስንሰካው ኃይሉ 12 ከመቶ ያህል ይጨምራል። 3000 ዋት የተባለው ወደ 3350 ይጠጋል። ሊሚቱን 89 ገደማ ማድረግ አማካዩን ኃይል ወደ ቦታው ይመልሳል። የ110 ቮልቱ ግን 220 ላይ ከተሰካ አራት እጥፍ ነው፤ እሱን ሊሚት አያድነውም፣ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ይህን ስሌት ዕቃው ሲገባ ማን ሠራው? ንብረት ክፍል ሞዴል 19 ቆረጠ፤ በቃ።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው፦

1. ማንዋልና የኮንትሮለር ፓስወርድ ያላስረከበ አቅራቢ የመጨረሻ ክፍያ አይከፈለው። የግዥ ውሉ ላይ ይጻፍ።

2. ፓስወርዱ በሠለጠነ አንድ ቴክኒሺያንና በአንድ ምትክ እጅ ይሁን። ሲዘዋወሩ በርክክብ ይለፍ።

3. እያንዳንዱ ለውጥ ፈርነሱ አጠገብ ባለ መዝገብ ይጻፍ፦ ቀን፣ የድሮው ቁጥር፣ አዲሱ፣ ምክንያቱ፣ የተለካው አምፔር። ጭማሪው ጥቂት በጥቂት ይሁን፤ አምራቹ ከፈቀደው አምፔር አይለፍ።

4. ኤለመንት በተቀየረ ቁጥር ሊሚቱ ወደ መጀመሪያው ይመለስ።

5. «ተበላሽቷል» ተብሎ ግዥ ከመጠየቁ በፊት ቴርሞካፕሉ፣ ኤለመንቱና ፓወር ሊሚቱ መታየታቸው በፊርማ ይረጋገጥ።

ይህ ሁሉ ዶላር አይጠይቅም። የሚጠይቀው አለቃው ቴክኒሺያኑን እንዲያምነው፣ ቴክኒሺያኑም ለሚነካው ቁጥር እንዲፈርም ነው። ዛሬ ግን መብቱ የሌለው ሰው ተጠያቂ ይደረጋል፤ ዕቃው ሲቆም «ማን ነካው?» ይባላል። «ማን መንካት ነበረበት?» ብሎ የጠየቀ አላየሁም።

ቴክኒሺያኖችም ዝም አትበሉ። ፓስወርዱንና ማንዋሉን በደብዳቤ ጠይቁ፣ ግልባጩን ያዙ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም።