በጤፍ ማሳ ላይ ጎልፍ? የብቸናና የሞጣ ሒሳብ ሌላ ነው

የጎልፍ ዱላውን በከረጢት አሽጎ አውሮፕላን የሚሳፈር ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ቁጥሩ ብዙ አይደለም። ብዙ አይሁን እንጂ አለ። ቀድሞ በአዲስ አበባ ጨዋታውን የሚያውቁት በአብዛኛው ዲፕሎማቶችና የውጭ ድርጅት ሠራተኞች ነበሩ፤ የብሪታንያ ኤምባሲ በሰፊው ግቢው ውስጥ የራሱ ባለ ዘጠኝ ጉድጓድ ሜዳ እንዳለው ይታወቃል። ዛሬ ግን ከአስመጪውም፣ ከኮንትራክተሩም መካከል ቅዳሜ ጧት ዱላ የሚጨብጥ አይጠፋም። አንዳንዱ ዱባይን ጠግቦ «ሰው ያልደረሰበት የአውሮፓ ጥግ» ማፈላለግ ጀምሯል።

ማፈላለጉ ባልከፋ፤ ሒሳቡ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አልፏል። ስለዚህ በዩሮ ያው የነበረ ሽርሽር በብር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም.፣ የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን የሼንገን ቪዛ ላይ ጥብቅ ደንብ አውጥቷል። በ15 ቀን ይታይ የነበረው ማመልከቻ 45 ቀን እንዲወስድ ተደረገ፤ ተደጋጋሚ መግቢያ ቪዛም ተከለከለ። «የፊታችን ቅዳሜ እንሂድ» የሚባልበት ጉዞ አልሆነም።

ይህን ሁሉ ችሎ የሚሄድ ሰው የት ይሂድ ቢባል፣ ስሙ ብዙ ያልተነሣ አንድ ሥፍራ አለ። በሰሜን ምሥራቅ ቡልጋሪያ፣ በጥቁር ባሕር ዳር፣ በካቫርናና በባልቺክ ከተሞች አቅራቢያ ሦስት ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳዎች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። ሁለቱን የነደፈው ደቡብ አፍሪካዊው ስመ ጥር ተጫዋች ጋሪ ፕሌየር ሲሆን ሦስተኛውን የዌልሱ ኢያን ዉስናም ነድፎታል። የቫርና አውሮፕላን ማረፊያ ከዚያ የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ በኢስታንቡል በኩል ይደረሳል። ቡልጋሪያ ከጥር 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሙሉ የሼንገን አባል ስለሆነች የሼንገን ቪዛ ያገኘ ሰው በዚያው ይገባል።

ለነጋዴ ግን ከሜዳው ይልቅ ሜዳው የተቀመጠበት ቦታ ነው ትምህርት የሚሰጠው። አካባቢው ዶብሩጃ ይባላል፤ የቡልጋሪያ የስንዴ ጎተራ ነው። ከሦስቱ ሁሉ ዝና ያተረፈው ትሬሺያን ክሊፍስ የተሠራው ስንዴ በሚታጨድበት ሜዳማ መሬት ላይ ሳይሆን ባሕሩን ቁልቁል በሚያይ ገደል ላይ ነው። ጠረፉ ለማረሻ የማይመች ቋጥኝ ነው፤ እንግዳው ደግሞ ገንዘቡን የሚከፍለው ገደሉን ለማየት ነው። ስንዴው በቦታው ቀረ፣ ገደሉ ተሸጠ።

ከዚያ ጉብኝት የሚመለስ ባለሀብት ባዶ እጁን አይመለስም፤ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። «ለምን በአገሬ አልሠራውም?» ይላል። የጎጃም ሰው ከሆነ ደግሞ ዓይኑ ወደ ብቸናና ወደ ሞጣ ይሄዳል። ደጋ ነው፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ መሬቱ ሰፊና ለጥ ያለ ነው፣ ከሩቅ የጮቄ ተራራ ይታያል። ደላላውም ከጎኑ አይጠፋም፤ «ሎጅና ጎልፍ» የሚል ወረቀት ያዘጋጅልና «ስልሳ ሄክታር ብትጠይቅ ይበቃሃል» ይለዋል።

ስልሳ ሄክታር ትክክለኛ ግምት ነው፤ ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ ከ50 እስከ 70 ሄክታር ይወስዳል። በአገሬው መለኪያ ወደ 240 ጥማድ መሆኑ ነው። በምሥራቅ ጎጃም የአብዛኛው ገበሬ ይዞታ አንድ ሄክታር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ፣ አንድ የጎልፍ ሜዳ የስልሳ አባወራ ማሳ ነው ማለት ነው። በሄክታር 18 ኩንታል ጤፍ ብቻ ቢታሰብ በዓመት ከአንድ ሺሕ ኩንታል በላይ ከገበያ ይወጣል። የመርካቶ እህል በረንዳ ነጋዴ የጎጃም ጤፍ ሲዘገይ ዋጋው ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ ያውቃል።

መሬቱስ ለጎልፍ ይሆናል ወይ? ለጥ ያለውን ሜዳ ያዩ ሁሉ «ተዘጋጅቶ የተቀመጠ» ይሉታል። ነገር ግን የብቸና ሜዳ በብዛት ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። በክረምት ውኃ ያቁራል፣ ያጣብቃል፤ በበጋ ደግሞ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ገበሬው ጤፍ የሚዘራበት ጤፍ ይህን ስለሚችል ነው። ኳሷ የምትንከባለልበት ሣር ግን ከሥሩ ውኃ የሚያሳልፍ አሸዋ ይፈልጋል፤ በዋልካ ላይ ይህን ማድረግ አፈሩን ቆርጦ አውጥቶ ሌላ አፈር በገልባጭ መኪና ማስገባት ነው። በዚህ አፈር ላይ መሠረቱ ሳይጠና የተሠራ ቤት እንኳ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ሌላው ውኃ ነው። ክረምቱ ሲወጣ እስከ ግንቦት ድረስ ሣሩን አረንጓዴ ለማድረግ በቀን ሺሕ ሜትር ኩብ ውኃ የሚጠይቅ ሜዳ ይኖራል። ሴቶችና ልጆች ጀሪካን ይዘው ወረፋ በሚጠብቁበት ከተማ ጎን ሣር የሚያጠጣ ባለሀብት ጎረቤቱ እንደማይወደው ማወቅ አለበት።

ጎረቤት የሚለው ነገር ቀላል አይደለም። በላንጋኖ ሐይቅ ዳር የነበረው ቢሻንጋሪ ሎጅ በአገሪቱ ከቀዳሚዎቹ የኢኮ ሎጆች አንዱ ነበር፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ሁከት ተቃጠለ። በአማራ ክልልም የመሬት ጉዳይ ቁስል ነው፤ የ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ዛሬም በገበሬው ቤት ይወሳል። ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ስለሚል ባለሀብቱ ከገበሬው ጋር ተነጋግሮ አይገዛም፤ ከመንግሥት ነው የሚረከበው። ገበሬው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሣ ይከፈለዋል፤ ሆኖም «ማን ነሣኝ?» ሲል የሚያየው ሎጁን ነው፣ ቢሮውን አይደለም።

በዚህ ረገድ የግሪኩ ካፒቴን ታሪክ ቢነሣ መልካም ነው። ቫሲሊስ ኮንስታንታኮፑሎስ በደቡብ ግሪክ በሜሲኒያ ተወልዶ፣ መርከበኛ ሆኖ፣ በኋላ የራሱን የመርከብ ኩባንያ አቋቁሞ የበለጸገ ሰው ነበር። ሜሲኒያ ያኔ የወይራ አገር ናት እንጂ ጎብኚ የሚጎርፍባት አልነበረችም። ካፒቴኑ ለሃያ ዓመታት በላይ ከብዙ ትናንሽ ባለይዞታዎች ቁራሽ ቁራሽ መሬት እየገዛ ቆየ። ኮስታ ናቫሪኖ የሚባለው መዝናኛ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ እርሱ በዓመቱ በ2011 አረፈ። ለጎልፉ ሣር የሚሆን ውኃም በክረምት የሚጠራቀምበት ግድብ ተሠራለት። ሀብቱን በውጭ አፍርቶ ወደ ትውልድ አገሩ የተመለሰ ሰው ትዕግሥት ይህን ያህል ነው። የእኛው ባለሀብት ፈቃድ በወጣ በዓመቱ ሪባን ካልተቆረጠ እንቅልፍ አይወስደውም።

ታዲያ ብቸናና ሞጣ የሚሸጡት የላቸውም ማለት ነው? አላቸው፤ ዶብሩጃም የሌላት ነው። ገደሉ የዓባይ ገደል ነው።

ከሞጣ ወደ ሰሜን ዓባይን ወርዶ የሚገኘው ሰባራ ድልድይ ለዚህ ማስረጃ ነው። በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ሲሆን ለረጅም ዘመን ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኝ የነበረ የሲራራ ነጋዴ መተላለፊያ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰዎች ወገባቸው በገመድ እየታሰረ፣ በወዲያና በወዲህ ጫፍ በቆሙ ጎበዞች እየተጎተቱ ተሻገሩ። የዚህ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣና እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ አሜሪካዊ ተቋራጭ አየው። ሰውየው ድልድዩን ለመጠገን ተነሣ፤ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውም የበጎ አድራጎት ድርጅት የተወለደው ከዚያ ነው። ድልድዩ በ2002 ተጠገነ፣ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፣ በ2009 ከፍ ብሎ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። አንዲት ፎቶግራፍ ከአሜሪካ ሰው ያመጣችበት ቦታ ዛሬም የረባ አልጋ በአጠገቡ የለውም።

በብቸና በኩል ደግሞ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ወይም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰማ ሰው ሁሉ ዲማን ሳያያት ያውቃታል። ለስድሳ ዓመት በነፃ የተሠራ ማስታወቂያ ነው። እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ የትኛውም ኩባንያ በገንዘብ አይገዛውም። ከዚያ አልፎ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ የእቴጌ እሌኒ መታሰቢያ የሆነችው የመርጡለ ማርያም የጥርብ ድንጋይ ፍርስራሽ፣ ከነፃነት በኋላ ብቸናን ያስተዳደሩት የደጃዝማች በላይ ዘለቀ ታሪክ፤ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ናቸው። የጮቄ ተራራ መንደር እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል።

መንገዱም ቢሆን ሩቅ አይደለም። ብቸና ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ የዓባይን በረሃ በጃፓን ዕርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. በተከፈተው ድልድይ አቋርጦ በደጀን ይገባል። መስመሩ ሞጣን አልፎ ባሕር ዳር ይወጣል፤ ባሕር ዳር አውሮፕላን አለ። ሞጣም ብትሆን የአውሮፕላን ማረፊያ የነበራት ከተማ ናት፤ በዓለም አቀፉ መዝገብ ኮዷ ኦ ቲ ኤ ይባላል። ለወጣት ይህን ቢነግሩት አያምንም።

የማይታለፈው ጉዳይ ሰላም ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ በአማራ ክልል የታጠቀ ግጭት ከተነሣና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ይህ መስመር ደጋግሞ ተዘግቷል። በትግራይ ገርዓልታ በአካባቢው ድንጋይ የተሠራውና ለውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጎብኚ የሚያስተናግደው ሎጅ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ እንግዳ አጥቷል። ሆኖም ያ ሎጅ ከጦርነቱ በፊት ያሳየው ነገር አለ፦ ማንም በማያውቀው ገጠር ጥቂት ክፍል፣ ንጹሕ አልጋና ጥሩ ምግብ ካለ ዶላር የሚከፍል ሰው አስቸጋሪ መንገድ ተጉዞ ይመጣል።

እንግዲህ በዚህ መስመር ገንዘቡን ሊያፈስስ የሚፈልግ ባለሀብት ስልሳ ሄክታር መጠየቁን ይተወውና ሁለት ሄክታር ይበቃዋል። ያንንም ከጤፍ ማሳ ሳይሆን ከገደሉ አፋፍ፣ ማረሻ ከማይደርስበት ቋጥኝ ላይ ይምረጥ። ዋልካ ስላልሆነ መሠረቱም ይጸናለታል። ስድስት ወይም ስምንት የድንጋይ ቤት፣ ሌሊት የማይቋረጥ ሙቅ ውኃ፣ ገደሉን የሚያይ በረንዳ፣ በጾም ቀን ደህና ሽሮ፣ የጮቄ ማርና ጠጅ። አስጎብኚው ከሰባራ ድልድይ መንገድ ላይ ያደገ ልጅ ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባ የመጣ አይሁን። የመጀመሪያው ደንበኛም ፈረንጅ እንዳይመስለው፤ የመጀመሪያው ደንበኛ አዲስ አበባ ነግዶ የከበረውና ዋሽንግተን የሚኖረው ጎጃሜ ነው፤ ልጆቹን ዲማን ሊያሳይ የሚመጣው። ግንባታው መንገዱ ሰላም እስኪሆን ይጠብቅ፤ የቦታ ጥናቱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑና ከቀበሌው ሽማግሌዎች ጋር የሚደረገው ንግግርና የውኃው ልኬት ግን ጊዜ የሚፈጅ ስለሆነ በጥበቃው ጊዜ ቢሠራ ይሻላል።

ጎልፍ ካልተጫወትኩ ዕረፍት አይደለም የሚል ነጋዴም መብቱ ነው፤ ካቫርና አለለት። ብቻ የቪዛ ማመልከቻውን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ያስገባ።