መስኮት እንደ ዕድር መዋጮ አይከፈልም



የማኅበራችን ኮሚቴ ባለፈው ሳምንት በዚሁ ሰሌዳ ላይ የለጠፈውን ማስታወቂያ ሁላችንም አንብበነዋል። ይኸውም ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በመንገዱ ዳር ያሉት ቤቶች ሁሉ አሮጌ መስኮቶቻቸውን አውጥተው አንድ ዓይነት አሉሚኒየም እንዲያስገቡ፣ ለዚህም እያንዳንዱ ቤት እኩል ገንዘብ እንዲያዋጣ የሚል ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ለሰፈራችን ውበት ታስቦ የቀረበ መሆኑን አልክድም። የኮሚቴው አባላትም ያለ ደመወዝ የሚደክሙ ጎረቤቶቻችን ስለሆኑ ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባቸውም። ነገር ግን እሑድ ተሰብስበን እጅ ከማውጣታችን በፊት መባል ያለበት ነገር አለ። እኔ በበኩሌ ሐሳቡን በቀረበበት መልክ አልደግፈውም። ዕድር ላይ እኩል የምንከፍለው ሞት ለሁላችንም አንድ ስለሆነ ነው። የመስኮት ዋጋ ግን ከቤት ቤት ይለያያል፤ ያውም በጣም።

ይህን የምለው ከራሴ ኪስ ተምሬ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ወር የሳሎኔንና የመኝታ ቤቶቼን አራት መስኮቶች ላስቀይር ተነሣሁ። ወደ አንድ አሉሚኒየም ቤት ሄድኩ፤ ስሙን አላነሣም፤ ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነውና። ባለቤቱ «በካሬ ይህን ያህል» አለኝ፤ እኔም «በል እንግዲህ ጀምር» ብዬ ቀብድ ሰጠሁ። የተጻፈ ነገር የለም። ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና እንኳ አልጠየቅሁም። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ፤ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ሰውዬው ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ዕቃውን እኮ ገና አልገዛነውም ነበር» አለኝ። ምን ልበለው? አሉሚኒየም በአገራችን ከማዕድን ተነሥቶ አይቀልጥም፤ ፕሮፋይሉ ተሠርቶ ቢመጣም፣ እዚሁ ቢሠራም፣ ጥሬው የሚገባው በዶላር ነው። ጨምሬ ከፈልኩ።

በዚህም አላበቃም። ልኬቱን የሰጠሁት እኔው ራሴ ነበርኩ፤ ያውም አሮጌውን የብረት ፍሬም ከውስጥ በኩል ለክቼ! አሮጌው ሲነቀል የግድግዳው ቀዳዳ ከልኬቴ ሰፍቶ ተገኘ። የመጣው አሉሚኒየም በየጎኑ ሦስት ሳንቲም አነሰ። ክፍተቱን በሲልከን ደፈኑልኝና ሄዱ። ነሐሴ ላይ ሳሎን ውስጥ ሳፋ ደቀንን። በመጨረሻ ግንበኛ ጠርቼ ዳር ዳሩን በሲሚንቶ አስሞላሁ፣ አስለሰንኩ፣ ቀለም አስቀባሁ፤ ይህ ሁሉ መጀመሪያ ባሰብኩት ሒሳብ ውስጥ አልነበረም። ባለቤቴ እስከ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ይህን ታሪክ ሳትናገር ቡና አታፈላም።

እንግዲህ ሁልጊዜ የሚረሳው ግድግዳው ነው ማለት ነው። በሰፈራችን የብሎኬት ቤትም የጭቃ ቤትም አለ። በብሎኬት ቤት የአሮጌው ፍሬም መያዣ ብረቶች በሲሚንቶ ውስጥ ተቀብረዋል፤ በመሮና በመዶሻ ካልተፈለፈሉ አይወጡም፤ ሲወጡም የዙሪያውን ልስን ይዘው ነው። በጭቃ ቤት ደግሞ ፍሬሙ የተመታው ከቋሚው ጋር ስለሆነ፣ ሲነቀል ማገሩ ይናጋል፣ ምርጊቱ ይረግፋል። ስለዚህ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት መስኮት ከአንድ ሱቅ ቢገዙም የሚያወጡት ገንዘብ አንድ አይሆንም። ፎቅ ላይ ያለ መስኮት ከሆነ ደግሞ መወጣጫ መትከልና ሰው መጨመር አለ። የቀበሌ ቤት ተከራይ የሆኑት ጎረቤቶቻችንም አሉ፤ እነሱ ግድግዳ ከመነካቱ በፊት ፈቃድ መጠየቅ አለባቸው። ማስታወቂያው ስለ እነሱ አንድም ቃል አላለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ፤ ትንሽ ታገሡኝ። የአሉሚኒየም ፕሮፋይል በብዛት የሚሸጠው 6 ሜትር ርዝመት ባለው ዘንግ ነው። ስፋቱ 1.30፣ ቁመቱ 1.80 ሜትር የሆነ አንድ መስኮት እንውሰድ። የውጭ ፍሬሙ ብቻ ሁለት ጊዜ 1.30ና ሁለት ጊዜ 1.80፣ በድምሩ 6.20 ሜትር ይፈልጋል። ለ20 ሳንቲም ሲባል ሁለተኛ ዘንግ ይቆረጣል ማለት ነው! የተረፈው ቁራጭ ለሌላ ሥራ ሊውል ይችላል፤ ነገር ግን ባለሙያው ያ ሌላ ሥራ መቼ እንደሚመጣ ስለማያውቅ በዋጋው ውስጥ አስቦ ያስገባዋል። አምስት ጎረቤቶች ይህንኑ መስኮት በየግላቸው፣ በየተለያየ ቤት ቢያሠሩ 10 ዘንግ ይጀመራል። አንድ ላይ ከታዘዘ ግን 6 ዘንግ ይበቃል። ከሦስቱ ዘንጎች ከእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ቁመት ይወጣል፤ ከአራተኛው አንድ ቁመትና ሦስት ወርድ፤ የቀሩት ሰባት ወርዶች ከሁለቱ ዘንጎች ይቆረጣሉ። ያላመነ በብዕርና በወረቀት ይሞክረው። በዚህ በኩል የኮሚቴው «በአንድ ላይ እንግዛ» የሚለው ሐሳብ ትክክል ነው፤ እኔም እደግፋለሁ። የማልስማማው በአከፋፈሉ ነው።

«በካሬ ስንት» የሚለው አጠያየቅም ያሳስታል። የመታጠቢያ ቤት መስኮት 50 በ50 ሳንቲም ቢሆን ስፋቱ ሩብ ካሬ ነው፤ ፍሬሙ ግን 2 ሜትር ይፈጃል። ለአንድ ሙሉ ካሬ ሲሰላ 8 ሜትር ፍሬም መሆኑ ነው። ከላይ የጠቀስኩት ትልቁ መስኮት ለአንድ ካሬ የሚፈልገው 2.65 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሦስት እጥፍ ይለያያሉ! እጀታውና ማጠፊያው ደግሞ ለትንሹም ለትልቁም ያው ነው። እኔን «ከአንድ ካሬ በታች አንሠራም» ሲሉኝ ሌብነት መስሎኝ ተቆጥቼ ነበር፤ ኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ግን ሰዎቹ ያን ያህል አላጠፉም። ሌብነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ አንዱ ሱቅ ረከሰ ስትሉ ፕሮፋይሉ ስስ ሆኖ ይገኛል፤ ወይም መስታወቱ፤ ወይም የትንኝ መረቡና መግጠሚያው ለብቻ ይጠየቃል።

የመስታወቱ ውፍረት ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የአንድ ካሬ መስታወት ክብደት በየሚሊ ሜትሩ 2 ኪሎ ተኩል ነው። ባለ 4 ሚሊው 10 ኪሎ፣ ባለ 6 ሚሊው 15 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሰው «ለድምፅ ይሻላል» ብሎ ወፍራሙን ሲመርጥ፣ የመስታወቱን ልዩነት ብቻ የሚከፍል ይመስለዋል። ክብደቱን የሚሸከም ፕሮፋይል፣ ጠንካራ ማጠፊያ ወይም ጎማ ደግሞ አብሮ ይመጣል። አስፋልቱ ዳር ላለው ቤት ይህ ያስፈልግ ይሆናል፤ ከኋላ ጓሮ ውስጥ ላለው ግን ለምን? እንዲሁም የሚከፈት ክንፍ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ እያንዳንዱ ክንፍ የራሱ ፍሬም፣ የራሱ እጀታ፣ የራሱ ጎማ አለውና። ለሳሎን አንዱን ወገን የማይከፈት ማድረግ ይቻላል። ማድቤት ላይ ግን እንዳትሞክሩት፤ ከሰል የሚነድበት ክፍል የሚከፈት መስኮት ከሌለው ገንዘብ ሳይሆን ነፍስ ነው የሚከፈለው።

ከሁሉ የበለጠ የሚያሳዝነኝ ግን መቀየር የሌለበት መስኮት ሲቀየር ማየት ነው። የብዙዎቻችን መስኮት የብረት ፍሬም ነው። ዝናብ የሚያስገባው አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ አልቆ ሳይሆን መስታወቱን የያዘው ስቱኮ ደርቆ ስለረገፈ ነው። አሮጌው ስቱኮ ተፍቆ፣ ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ፣ የዝገት መከላከያ ቀለም ተቀብቶ አዲስ ስቱኮ ቢደረግበት ገና ብዙ ክረምት ያሳልፋል። ውኃ የሚተኛበት የታችኛው ብረት ብቻ ተበልቶ ከሆነም በያጅ ያችኑ ቆርጦ ሌላ ይበይድበታል። የእንጨት መስኮት ያላችሁ ደግሞ ክረምት ላይ አልዘጋ ሲላችሁ ቶሎ ወደ መላጊያ አትሩጡ፤ እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ በጋ ላይ ይኮማተራል። ዛሬ ብዙ ከተላገ ጥር ላይ ነፋሱ በስንጥቁ ይገባል። መቀየር ያለበትስ የቱ ነው? ፍሬሙ የተጣመመ፣ በካቻቢቴ ሲወጋ ብረቱ የሚበሳ፣ ወይም እንጨቱ በምስጥ ተበልቶ ዱቄት የሆነው። የዚህ ዓይነቱን እኔም ቀይሩት ነው የምለው።

ከቧንቧው አጠገብ የሚኖሩትን እናታችንን ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ በጡረታ ነው የሚተዳደሩት። ባለፈው ረቡዕ መስኮቶቻቸውን አብረን አየናቸው። ሁለት መስኮት ብቻ ናቸው፤ ፍሬማቸው ደኅና ነው፣ በካቻቢቴ ወግቼ ሞክሬዋለሁ። የአንዱ መስታወት ተሰንጥቋል፣ የሌላው ስቱኮ ረግፏል። የሚያስፈልጋቸው አንድ ቁራጭ መስታወት፣ ስቱኮ፣ ጥቂት ቀለምና የአንድ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በማስታወቂያው መሠረት ግን ዘጠኝ መስኮት ካለው ባለ ፎቅ ጎረቤታችን እኩል ሊከፍሉ ነው። «ልጄ፣ በዚህች አንድ ፍሬ ቤት ከፎቁ እኩል ልክፈል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ለኮሚቴው እንዳይናገሩ ደግሞ ያፍራሉ፤ «ሰፈሩን አበላሸች እንዳልባል» ይላሉ። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ከሁሉ በላይ ስለዚህ ነው።

አሉሚኒየም መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። አይዝግም፣ በየጊዜው ቀለም አይጠይቅም፤ ገንዘቡ ያለው ቢያስገባ ደግ አደረገ። ነገር ግን እሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተንሸራታቹ መስኮት ሐዲድ አቧራ ሲሞላና የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹ ሲደፈኑ ዝናቡ ወደ ውስጥ ይመለሳል። አንዳንድ ገጣሚ እነዚያን ቀዳዳዎች ራሱ በሲልከን ይደፍናቸዋል፤ ሲገጠም አጠገቡ ቁሙ።

ስለዚህ የምጠይቀው እንዲህ ነው። ከማኅበራችን ሦስት ሰው ተመርጦ ቤት ለቤት ይዙርና መስኮት በመስኮት ይመዝገብ፤ የሚጠገነው ለብቻ፣ የሚቀየረው ለብቻ። የሚቀየሩትን ልኬት የሚወስደው ሥራውን የሚሠራው ባለሙያ ራሱ ይሁን፤ ከተሳሳተ እሱ ይጠየቅበታል። ከዚያ ያው አንድ ዝርዝር ለሦስት ወይም ለአራት ቤቶች ይሰጥ፤ የፕሮፋይሉ ዓይነት፣ የመስታወቱ ውፍረት፣ የሚከፈቱት ክንፎች፣ ማንቀሉ፣ ልስኑ፣ ማጓጓዣው፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ውስጥ ይኑር አይኑር፣ ዋጋው የሚጸናበት ቀን፣ ሁሉም በጽሑፍ ይምጣ። «ያለ ደረሰኝ ይረክሳል» የሚለንን እንለፈው፤ ያለ ደረሰኝ ነገ ማንን ልንከስ ነው? የሚነቀለው ብረትም የባለቤቱ መሆኑ ይጻፍ፤ የኔን አራት ፍሬሞች ገጣሚዎቹ ይዘው ሄዱ፤ ቁራሌው በኪሎ ስንት እንደሚገዛው የሰማሁት በኋላ ነው። ዕቃው በአንድ ላይ ይገዛ፤ ክፍያው ግን እያንዳንዱ በራሱ መስኮት ልክ ይሁን። ከጋራ ገንዘባችን የሚወጣ ነገር ካለ ለማይችሉት ጎረቤቶች ጥገና ይዋል። ይህ ደግሞ እሳቸው እጅ ሳይዘረጉ፣ ስማቸውም በዚህ ሰሌዳ ላይ ሳይለጠፍ መሆን አለበት።

ኮሚቴው ይህን ለመመልከት ጊዜ ያንሰኛል እንዳይል እኔ እጀምርለታለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከ3 ሰዓት ጀምሮ ሜትር፣ ካቻቢቴና ደብተር ይዤ ከላይኛው መግቢያ እየወረድኩ በየቤቱ አንኳኳለሁ። የማገኘውን እሑድ ለስብሰባው አቀርባለሁ። ውሻ ያላችሁ እባካችሁ እሰሩልኝ።

ከአንድ የሰፈሩ ነዋሪ