ሚዛን ብቻ አይበቃም፤ ጡንቻውን ለኩ!

የጉሮሮ ካንሰር ታማሚን ሚዛን ላይ አውጥቶ «ኪሎዎ ደህና ነው» ብሎ ማሰናበት ሕክምና አይደለም። አጎቴ ጨረር ሊጀምሩ ሲሉ የተባሉት ይህንኑ ነው። ሆዳቸው እንደነበረ ነው፤ ጭናቸው ግን ቀጥኖ ሱሪያቸው እላያቸው ላይ ይንዘላዘላል፤ ከወንበር የሚነሱት መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነው። እኛ ቤተሰቦቻቸው አየን፤ ካርዳቸው ላይ የጻፈው ግን ማንም የለም።

ሚዛን ስቡንም፣ ውኃውንም፣ ጡንቻውንም ደባልቆ ነው የሚመዝነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ጃማ ኦንኮሎጂ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በጨረር የታከሙ 190 የራስና አንገት ካንሰር ታማሚዎችን መርምሮ እንቅጩን ተናግሯል፦ ጡንቻቸው የተመናመነባቸው በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ጡንቻቸው ሳይነካ ኪሎ ብቻ የቀነሱት ግን ለዚህ አልተዳረጉም። ታዲያ ዛሬም ኪሎ ብቻ የምንጽፈው ለምንድን ነው?

«መሣሪያ የለንም» የሚለውን ሰበብ አልቀበልም። ጨረሩን ለማቀድ የአንገት ሲቲ ስካን ይነሳል። በሦስተኛው የአንገት አጥንት ትይዩ ያለውን ጡንቻ ለክቶ የመላ ሰውነትን ጡንቻ መገመት እንደሚቻል የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት አሳይተዋል። ምስሉ እኮ እጃችሁ ላይ ነው! ምስል በሌለበትም የመጨበጥ ኃይልን መለካት ይቻላል፤ በሽተኛው ከወንበር እንዴት እንደሚነሳ ማየት ደግሞ ሳንቲም አይጠይቅም።

ጨረሩ አፍን ያቆስላል፣ ምራቅን ያደርቃል፣ መዋጥን ስቃይ ያደርጋል። ታማሚው ምግብ የሚያቅተው አብዝቶ በሚያስፈልገው ሰዓት ነው። የአውሮፓ የክሊኒካል ሥነ ምግብ ማኅበር መመሪያ ለካንሰር ታማሚ በየቀኑ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይላል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 90 ግራም መሆኑ ነው። «ሾርባ አጠጡት» በሚል ምክር ይህ አይሞላም። እንቁላል፣ ወተት፣ በርበሬው የቀረለት የላመ ሽሮ፣ መዋጥ ካቃተውም በጊዜ የሚገባ የምግብ ቱቦ ያስፈልገዋል። በጾም ወራት ወተት አልቀምስም የሚል ካለ የንስሐ አባቱ ቀርበው ይፍቀዱለት፤ ጾም በሽተኛን አያስገድድም።

ጡንቻን መጠበቅ ብቻውን ካንሰርን ያድናል አልልም። የሚመናመን ሰው እያዩ ዝም ማለትን ግን በሕክምና ስም አልቀበልም። የጡንቻው ልኬት ከዕጢው መጠን ጎን ይጻፍ። የሥነ ምግብ ባለሙያ ከመጀመሪያው ጨረር በፊት ይጠራ፤ ታማሚው አልጋ ከያዘ በኋላ መጥራት ዘግይቶ መድረስ ነው። አስታማሚም «ጡንቻውስ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልስ ሳያገኝ ከክፍሉ አይውጣ።