የአህያዋ እግር ሲታመም ሸክሙ ወደ ማን ይመለሳል?



በአሶሳ ዙሪያ እንጨቱን፣ ውሃውንና እህሉን ከሰው ጋር የምትሸከመው አህያ ናት። አህያ የሌለበት ቤት ሸክሙ የሴቷ ነው። የጉሙዝ እህቶቻችን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ከሁለት ጫፉ ዕቃ አንጠልጥለው የሚሄዱበትን እንጨት በክልላችን ያላየ የለም። የበርታ እናቶችም ወርቅ ፍለጋ ወንዝ ዳር አጎንብሰው አሸዋ ሲያጥቡ ይውላሉ። በዚህ ምድር «ሴት ልጅ ከባድ ሥራ አትችልም» ማለት ዓይን ጨፍኖ መናገር ነው።

ሆኖም አንዲት ወጣት «ሰኮና መከርከምና የፈረስ ጫማ መምታት ልማር» ብትል በቅድሚያ የምትሰማው ይህንኑ ነው። ቀጥሎ «ነውር ነው» ይመጣል፣ ከዚያም «ሐራም አይደለም ወይ?» እኛ ግን ይህች እህት ልትታገዝ እንጂ ልትከለከል አይገባም እንላለን።

መጀመሪያ ሙያውን እንወቀው። ሰኮና እንደ ጥፍራችን ሳያቋርጥ ያድጋል፤ የፈረስ ሰኮና በወር ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራል። በየ6 እስከ 10 ሳምንቱ ካልተከረከመ ይንጋደዳል፣ ይሰነጠቃል፣ የእንስሳው አረማመድም ይበላሻል። ጫማ ሲመታም ምስማሩ ማለፍ ያለበት ሕመም በማይሰማው የውጭ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ትንሽ ወደ ውስጥ ከገባ ሕያው ሥጋ ይነካል፣ ይመግላል። በክልላችን ቆላማ ቦታዎች ገንዲን የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ ስላለ ፈረስ እንደ ደጋው አይበዛም። ስለዚህ ለእኛ ሙያው በዋናነት የአህያ ሰኮና እንክብካቤ ነው፤ አብዛኛው አህያ የሚፈልገውም መከርከምና መጽዳት እንጂ ብረት አይደለም። የአህያ ሰኮና ከፈረስ ይልቅ እርጥበት ይመጣል፤ የአሶሳ ክረምት ደግሞ ረጅም ነው፣ ጭቃው ሰኮናውን ያበሰብሳል። አህያ ሕመሟን ደብቃ ትሠራለች። ማነከሷን ባየን ጊዜ ጉዳቱ ቆይቷል፣ ሸክሙም ወደ እናታችን ጀርባ ተመልሷል።

ወደ ዲናችን እንምጣ። ፈረስ፣ በቅሎና አህያ በሱረቱ አን-ነሕል በስማቸው የተጠሩ የአላህ ጸጋዎች ናቸው። የአቡበክር ልጅ አስማእ (ረዲየላሁ ዐንሃ) ዙበይርን ስታገባ እርሱ የነበረው ፈረስና ውሃ መቅጃ ግመል ብቻ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ፈረሱን የምታበላው፣ ውሃ የምትቀዳው፣ የተምር ፍሬ ከሩቅ በራሷ የምትሸከመው እርሷ ነበረች። በኋላ አባቷ አገልጋይ ልኮ ከፈረሱ ጣጣ ሲገላግላት እፎይ ብላለች። ይህ ዘገባ ሴትን ሁሉ ፈረስ ጠብቂ አይልም። ነገር ግን ፈረስ መንከባከብ ክብሯን ይነካል ለሚል ሰው በቂ መልስ ነው፤ ከአስማእ በላይ የተከበረች ማንን ያመጣል?

«የብረት ሥራ የቀጥቃጭ ነው» የሚለው ንቀትም ከእስልምና አልመጣም። አላህ ለነቢዩ ዳዉድ (ዐለይሂ ሰላም) ብረትን አለሰለሰላቸው፤ በእጃቸው ሠርተው ይበሉ ነበር። በዐረብኛ «በይጣር» የሚባለው ባለሙያ እንስሳ የሚያክምም ጫማ የሚመታም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1248 ደማስቆ ውስጥ የሞተው ታላቁ የመድኃኒት ዕፅዋት ሊቅ ኢብኑል በይጣር ስሙ «የበይጣሩ ልጅ» ማለት ነው። ዛሬም በዐረብኛ የእንስሳት ሐኪም «በይጠሪ» ይባላል። ኡማው ያከበረውን ሙያ እኛ ልንንቀው አይገባም።

«ጉልበቷስ?» ለሚል፦ ሥራው ከባድ ነው፣ ወገብ ይጎዳል፣ እርግጫም አለው። ግን ፈረስን በጉልበት የሚያሸንፍ ወንድም የለም። ሙያው የሚጠይቀው አቋቋም፣ ትዕግሥት፣ የተሳለ ቢላና ሞረድ፣ እንስሳውን ማረጋጋት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሩጫ ፈረሶች ጫማ ለመምታት የመጀመሪያዋ ባለ ፈቃድ ሴት አዳ ጌትስ ፓተን ሥራውን የጀመረችው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ብሪታኒያ ውስጥ ሰው ሥልጠናውን ጨርሶ ካልተመዘገበ የፈረስ ጫማ እንዳይመታ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ይከለክላል። ከጉልበት በፊት ትምህርት ይቀድማል ማለት ነው።

ሐያእን በተመለከተ የሚነሳው ስጋት ግን ሊናቅ አይገባም። መልሱ ሥርዓት ማበጀት ነው፦ ሥልጠናው በግልጽ ቦታና በቀን ይሁን፣ ሁለት ሦስት እህቶች አብረው ይማሩ፣ ለሥራው የሚመችና ዐውራን የሚሸፍን ልብስ ይኑር። የአህያዋ ባለቤት ብዙ ጊዜ እናት ናት። እናት ደግሞ ከማታውቀው ወንድ ይልቅ ለሴት ባለሙያ ደጇን በቀላሉ ትከፍታለች። እንዲያውም ሐያእን የሚጠብቀው ይኸኛው መንገድ ነው።

ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ፊተኞቹ መካከል ናት፤ ሰኮና የሚያውቅ እጅ ግን ጥቂት ነው። ቢሾፍቱ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ስፓናና ዶንኪ ሳንክቸሪም በአገራችን ለጋማ ከብት ሕክምና ሠርተዋል። የአሶሳ ወጣቶች ጀመዓ ከእንስሳት ሐኪሞች ጋር ተነጋግሮ ለጥቂት እህቶች አጭር ሥልጠና ቢጠይቅ፣ የመስጂድ ኮሚቴም ለመጀመሪያዎቹ ቢላ፣ ጉጠትና ሞረድ ቢገዛ ከአቅማችን በላይ አይደለም። ለአንዲት እህት ሐላል ሪዝቅ፣ መናገር ለማትችል ፍጡር እፎይታ፣ ለእናት የወረደ ሸክም፤ ሦስቱም በአንድ ሞረድ ይገኛሉ።

ወንድሜ፣ እህትህ ይህን ልማር ካለችህ አትሳቅባት፤ አህያዋን ያዝላት።

አላህ ለመልካሙ ሁሉ ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።