የደሃ ልጅ የሚቀረው ዩኒቨርሲቲው በር ላይ አይደለም

ዱከም ዱሮ የአዳማ መንገደኛ ጥሬ ሥጋ በልቶ የሚያልፍባት ከተማ ነበረች። ዛሬ ስሟ ከኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ጋር አብሮ ይነሳል። የቻይና ባለሀብቶች የገነቡት ይህ ቀጣና፣ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የሁዋጂያን ጫማ ፋብሪካ ጨምሮ በሺዎች ለሚቆጠሩ ወጣቶች የእንጀራ ምንጭ ሆኗል። ጠዋት ባጅ አንጠልጥለው ወደ ፋብሪካ የሚገቡት ወጣቶችና ደብተር ይዘው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ተማሪዎች በዕድሜ ብዙም አይራራቁም። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ናቸው፤ ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ ከደመወዛቸው ቆጥበው ለቤተሰብ ይልካሉ።

ሥራው ክቡር ነው። ጥያቄው ከዚያ ወዲያ ወዴት ያደርሳል የሚለው ነው።

ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች ኢትዮጵያ ውስጥ በአምስት ድርጅቶች ለሥራ ያመለከቱ አንድ ሺህ ገደማ ሰዎችን ተከታትለው ነበር። ከድርጅቶቹ መካከል የጫማ፣ የጨርቃ ጨርቅና የአበባ ይገኙበታል። ሥራውን በዕጣ ካገኙት ሢሶው በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፤ ዓመት ሳይሞላ የለቀቁት 77 በመቶ ደረሱ። ሥራው የአመልካቾቹን ገቢ ያን ያህል አላሳደገም፣ ጤናቸውን ግን ጎድቷል። በአገራችን ለግል ድርጅቶች የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንደሌለ ሲታሰብ ውጤቱ ብዙ አያስገርምም። ለደሃ ቤተሰብ ልጅ ኑሮ የሚለውጥ የደመወዝ ዕድገት በአብዛኛው ከዲፕሎማና ከዲግሪ ጋር የተያያዘ ነው።

ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ምን ያህል እንደጠበበ ባለፉት ዓመታት በግልጽ ታይቷል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ኩረጃን ለማስቆም ሲባል ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ገብተው ሲፈተኑ፣ ከ900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ቁጥሩ 3.2 በመቶ ሆነ፤ በዚያ ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ኩረጃን ማስቆሙ ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ የሚነቅፈው ሰው አይገኝም። ነገር ግን ኩረጃው ሲነሳ ከሥሩ የተገለጠው የልጆቹ ስንፍና አይደለም። የፊዚክስ መምህር፣ ቤተ ሙከራና በቂ መጽሐፍ ሳይኖረው ዓመታት ያለፈው ትምህርት ቤት ነው የተገለጠው።

ደህና ገቢ ያለው ወላጅ ይህን ክፍተት በገንዘብ ይሞላል፤ የግል ትምህርት ቤት ያስገባል፣ አስጠኚ ይቀጥራል። የዱከም የቀን ሠራተኛ ልጅ ያለው አማራጭ የመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ዱከም የምትገኝበት የኦሮሚያ ክልል ይህን ለመቋቋም ኢፋ ቦሩ የተባሉ ትምህርት ቤቶችን እየከፈተ ነው፤ አዳማ የሚገኘው የኦሮሚያ ልማት ማኅበር ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤትም ጎበዝ ተማሪዎችን መርጦ ያስተምራል። ጥሩ ጅምር ነው። ሆኖም አዳሪ ትምህርት ቤት የሚያነሳው ጥቂቱን ነው። የቀሩት ተማሪዎች ያሉበት መደበኛ ትምህርት ቤት ካልተሻሻለ፣ የተመረጡት ጥቂቶች ማለፋቸው የብዙኃኑን መቅረት አያካክስም።

ፈተናውን ላለፈ ተማሪ እስካሁን የነበረው ሥርዓት ለደሃ የሚመች ነበር። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወጪ መጋራት አሠራር ተማሪው ሳንቲም ሳይከፍል ገብቶ፣ እየበላና እየተኛ እንዲማር፣ ዕዳውንም ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲመልስ ይፈቅዳል። ጉድለት አለው፤ ኮስት ሼሪንጉን ያልጨረሰ ተመራቂ ጊዜያዊ ማስረጃ (ቴምፖ) ይዞ ይዞራል እንጂ ኦሪጅናል ዲግሪውን አያገኝም። ያም ሆኖ በር ላይ ገንዘብ አይጠየቅም። አሁን በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝነት አዋጅ ሌላ ምዕራፍ ከፍቷል። ቀዳሚው ራስ ገዝ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሌሎችም በተራ እየተዘጋጁ ናቸው። ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችን መቀበላቸው በጀታቸውን ሊያግዝ ይችላል። ነገር ግን ከክፍያው አስቀድሞ የደሃው ተማሪ ወንበር በሕግ መጠበቅ አለበት።

ብራዚል በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣችው ሕግ ይህን አድርጓል። የፌዴራል ዩኒቨርሲቲዎች ግማሽ ወንበራቸውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ለጨረሱ ተማሪዎች እንዲይዙ፣ ከዚያም ውስጥ ግማሹን ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች እንዲሰጡ አዘዘ። እኛም ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች የተለየ የመግቢያ ነጥብ የመስጠት ልምድ አለን። የቤተሰብ ገቢን በዚሁ መለኪያ ውስጥ ማስገባት አዲስ ፈጠራ አይሆንም።

ለዱከም ደግሞ ከዚህ ቀለል ያለ ነገር አለ። ከፋብሪካዎቹ በአንዱ የምትሠራ የ19 ዓመት ወጣት 12ኛ ክፍልን ያልጨረሰች ወይም ፈተናውን ያላለፈች ልትሆን ትችላለች። የማታ ትምህርት ቢኖራት፣ የሥራ ፈረቃዋም ከትምህርት ሰዓቷ ጋር እንዳይጋጭ ቢደረግ፣ በግሏ ተመዝግባ ልትፈተን ትችላለች። ይህ ከአካባቢው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ክፍሎችን ማታ መክፈትን፣ ከፋብሪካዎቹም ፈረቃ ማስተካከልንና የመምህራኑን ክፍያ በከፊል መሸፈንን ይጠይቃል። ቀጣናው መሬትና የግብር ማበረታቻ ተሰጥቶት የተቋቋመ እንደመሆኑ ጥያቄው ተገቢ ነው።

የአካባቢው አስተዳደርና የፋብሪካ ባለቤቶች በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው በዚህ ላይ ሊስማሙ ይገባል። ትምህርት ሚኒስቴርም የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ከመስፋፋቱ አስቀድሞ የደሃ ተማሪዎችን ድርሻ የሚያስከብር ደንብ ያውጣ።