መብራት ሲመጣ ፕሮግራሙም ይምጣ

ከጉና በኩል ደመና ሲጠቁር ነፋስ መውጫ ላይ መብራት ይጠፋል። ሲመለስ አምፖሉ ይበራል፣ ኮምፒውተሩም ይነሳል፤ የባለጉዳዩን መዝገብ የያዘው ፕሮግራም ግን አይነሳም። አንድ ሰው መጥቶ ፓስወርድ አስገብቶ፣ ትክክለኛውን ፋይል ከፍቶ፣ ጽሑፍ የሚያወርደው ጥቁር መስኮት እስኪመጣ ድረስ ቢሮው ሁሉ ይጠብቃል። ያ ሰው ለስብሰባ ደብረ ታቦር ከሄደ ሥራው ለነገ አደረ ማለት ነው።

እኔ በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከቢሮ ቢሮ እየዞርኩ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ብዙ ጊዜ ስጠራ ዕቃው ደህና ሆኖ አገኘዋለሁ፤ የጠፋው ፕሮግራሙን የሚያስነሳ ሰው ነው። በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል፣ ሞኒተሩ ጥግ ላይ «ጥቁሩን መስኮት እንዳትዘጉ» የሚል ወረቀት በፕላስተር ተለጥፎ አይቻለሁ። አዲስ የተቀጠረች ልጅ ወረቀቱን ሳታስተውል ዘጋችው፤ ከቆላ ቀበሌ ልጅ አዝላ የመጣች እናት ካርዷ ጠፋ ተብላ አግዳሚው ላይ ዋለች። ይህ ሊሆን የማይገባው ነገር ነው፤ መፍትሔው ደግሞ ሳንቲም አይጠይቅም።

ዊንዶውስ ማንም ፓስወርድ ሳያስገባ ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድርበት ክፍል አለው። እነዚህን ሰርቪስ እንላቸዋለን፤ የፕሪንተሩ ወረፋ የሚጠበቀው በአንዱ ነው። ማንኛውም ፕሮግራም ግን እንዲሁ ሰርቪስ አይሆንም። ዊንዶውስ ሲያስነሳው «ተነስቻለሁ» ብሎ መልስ እንዲሰጥ ሆኖ መጻፍ አለበት፤ በተለምዶ በ30 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካልመጣ ዊንዶውስ አልተነሳም ብሎ ይተወዋል። የአገራችን ወጣቶች በፓይተን፣ በጃቫ ወይም በኖድ ጽፈው ለቢሮዎች የሚያስረክቧቸው አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ይህን መልስ መስጠት አይችሉም።

ኤንኤስኤስኤም የሚባለው ነፃ መሣሪያ ይህን ክፍተት ይሞላል። ኢየን ፓተርሰን የሚባል ባለሙያ ሠርቶ ለማንም እንዲሆን የለቀቀው ነው። መጠኑ ከአንድ ሜጋባይት ስለሚያንስ በፍላሽ ተይዞ ወገዳ ድረስ ይወርዳል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ለዊንዶውስ እሱ መልስ ይሰጥና ፕሮግራሙን በሥሩ ያስነሳል፤ ሲወድቅ መልሶ ያነሳዋል። እንደተነሳ ወዲያው ደጋግሞ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩን እንዳያስጨንቅ በየሙከራው መካከል የሚጠብቅበትን ጊዜ እያስረዘመ ይሄዳል። በጥቁሩ መስኮት ላይ ይወርድ የነበረውን ጽሑፍ ፋይል ላይ እንዲያስቀምጥ ማድረግም ይቻላል፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው፤ ሌሊት ምን እንደተፈጠረ ጠዋት አነባለሁና።

የመጨረሻው የተረጋገጠ እትም፣ 2.24፣ የወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ስለሆነ «ያረጀ ነው» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። የእኛ ቢሮዎች ኮምፒውተሮችም ያረጁ ናቸው፤ መሣሪያው ከእነሱ ጋር ይስማማል። ሊኑክስ ላላቸው ይህን ሥራ ሲስተምዲ ያከናውንላቸዋል።

በጤናው ዘርፍ ጤና ሚኒስቴር በአገር አቀፍ ደረጃ ያስገባው ዲኤችአይኤስ 2 የሚባል የጤና መረጃ ፕሮግራም አለ። የፕሮግራሙ ግንባታ የሚመራው ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ነፃ ነው፤ ቶምካትና ፖስትግሬስ በሚባሉ ሁለት ፕሮግራሞች ላይ ይቆማል። ሁለቱም ሲጫኑ በራሳቸው ሰርቪስ መሆን ስለሚችሉ ኤንኤስኤስኤም አያስፈልጋቸውም፤ የሚያስፈልገው የሚጭናቸው ሰው ሰርቪስ የማድረጉን ምርጫ እንዳይዘለው ብቻ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ቢሮው ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ሁላችንም አይተናል።

አዲስ ሰርቨር እስኪገዛ እንጠብቅ የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ሲደርስ ሆስፒታሉ ሳይቀር ተዘርፏል። ከዚያ በተረፈውና በተተካው ዕቃ ሕዝቡን በወጉ ማገልገል ግዴታችን ነው።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። ሰርቪሱ ካልተቀየረ በቀር በኮምፒውተሩ ከፍተኛ ሥልጣን ስለሚሠራ፣ ከውጭ ሰው የሚደርስበት ፕሮግራም ከሆነ ሥልጣኑ የተወሰነ አካውንት ይፈጠርለት። ሠራተኛው በስሙ ገብቶ ያገናኘውን የኔትወርክ ድራይቭ ሰርቪሱ አያየውም፤ «ትናንት ይሠራ ነበር» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ራሱ መብራት ሲመለስ ሳይነካ እንዲነሳ በባዮሱ ውስጥ ይስተካከል። ዩፒኤስ ደግሞ በምንም አይተካም፤ በመጻፍ ላይ እያለ መብራት የተቋረጠበትን ዳታቤዝ የትኛውም ሰርቪስ አያድነውም።

በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ያላችሁ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ ፕሮግራም ስትረከቡ የርክክቡ ሰነድ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አስደርጉ። ፕሮግራሙ የተጫነበትን ኮምፒውተር በወጉ አዘግታችሁ ሶኬቱን አስነቅሉ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልሳችሁ አሰኩ። ማንም ኪቦርዱን አይንካ። ከዚያ ከሌላ ክፍል ባለ ኮምፒውተር የአንድ ባለጉዳይ መዝገብ አስፈልጉ። ካልተገኘ አትፈርሙ፤ ሠሪው አስተካክሎ ይመለስ።