ሞክሼዎች

አማርኛችን ‹ሞክሼ› የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር ይጠቀምበታል። ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች ሞክሼዎች ናቸው፤ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላትም፣ እነ ሀ፣ ሐና ኀ፣ እነ ሰና ሠ፣ እነ አና ዐ፣ እነ ጸና ፀ፣ ሞክሼዎች ይባላሉ። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ይህን ቃል ያነሣሁት ከሁለቱም ዓይነት ሞክሼዎች ጋር ተጣልቼ ስለ ነበረና የጥሉም በዳይ እኔው ስለ ሆንሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሁለት ወዳጆቼ ጋር ሆነን በአማርኛ የታተሙ የግጥም መድበሎችን የሚዘረዝር አንድ መዝገብ ለማሰናዳት ተነሣን። ከባዶ የሚጀመር ሥራ አልነበረም። አንደኛው ወዳጄ ከአስተማሪው የወረሰው፣ በእጅ የተጻፈ ወፍራም ደብተር አለው። ሁለተኛው ያገኘውን መጽሐፍ ሁሉ ለዓመታት በኤክሴል ሲመዘግብ የኖረ ነው። እኔ ደግሞ ከቀድሞዎቹ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራሞች በአንዱ የከተብሁት የራሴ ዝርዝር ነበረኝ። (የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሎቻችን የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈውን በሌላው የከፈተ ሰው የሚያገኘው የጠንቋይ ክታብ የመሰለ ነገር ነበር። የዚያ ዘመን ሰው አይረሳውም።)

ክታቡን ወደ ፊደል መለስን፣ ደብተሩን ገለበጥን፣ ሦስቱንም በአንድ ቋት አፈሰስን። ሲፈስ ግን ድግግሞሹ ጉድ አሰኘን። አንዱ መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ አንዱ ደራሲ በአራት ዓይነት አጻጻፍ ይቆማል። ገብረ መድኅን፣ ገብረመድህን፣ ገ/መድኅን፣ ገ.መድህን። ኮምፒዩተር ለእያንዳንዱ ‹ይህ ሌላ ሰው ነው› ይላል፤ አይፈረድበትም፣ የሚያየው ቅርጽ እንጂ ሰው አይደለም። ስለዚህ ሞክሼ ፊደላቱን ሁሉ ወደ አንዳቸው ለወጥን፤ ክፍት ቦታውን፣ ነጥቡንና እዝባሩን አስወገድን፤ በመጨረሻም የደራሲው ስም፣ የአባቱ ስምና የመጽሐፉ ርእስ የገጠመበትን ረድፍ ሁሉ አንድ እንዲያደርግ አዘዝነው። አንዲት ቁልፍ ናት የተጫንናት። ዝርዝሩ አፍታ ሳይቆይ በግማሽ ገደማ አጠረ። ደስ ብሎን ሻይ አፈላን።

ከወራት በኋላ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ላስቸግርዎ። የአባቴን መጽሐፍ ከዝርዝሩ ላይ ባጣው ጊዜ ነው የደወልሁት። ድሮ የነበረ ይመስለኛል» አለችኝ። አባቷ በክፍለ ሀገር ያስተምሩ የነበሩ፣ በሕይወት ዘመናቸው አንድ ቀጭን መድበል ብቻ በገዛ ገንዘባቸው ያሳተሙ ሰው ናቸው። ርእሱን እንደ ብዙዎቹ ትሑታን ገጣሚዎች «ግጥሞች» ብለውታል። ስማቸውና የአባታቸው ስም ከአንድ የታወቀ ገጣሚ ጋር ይገጥማል፤ ያም የታወቀው ገጣሚ በዘመኑ «ግጥሞች» የሚል አሳትሟል። ዓመቱና ማተሚያ ቤቱ ሲለያይ ቋታችን ‹ሁለተኛ እትም› ብሎ ተገላገለ። የመምህሩ መጽሐፍ የታወቀው ሰው መጽሐፍ ሁለተኛ እትም ሆኖ ቀረ። ይህን ስነግራት ጥቂት ዝም አለችና «ታዲያ አሁን የማን ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘሁት ከደብተሩ ነው። የወዳጄ አስተማሪ ከርእሱ አጠገብ ‹ይህ ያኛው አይደለም› ብለው በቀይ ቀለም ጽፈዋል። ስንገለብጥ ያቺን መስመር የሚያኖር ዓምድ ስላልነበረን ትተናት ነበር።

ይህን ያነበበ መዝገቦች ተለያይተው ይኑሩ የምል እንዳይመስለው። ተለያይተው ሲኖሩ የሚጠፋው ከዚህ የከፋ ነው። የብራና መጻሕፍታችንን የመመዝገብ ታሪክ እንመልከት። አውጉስት ዲልማን የብሪቲሽ ሙዚየሙን እ.ኤ.አ. በ1847፣ የኦክስፎርዱን በ1848 በላቲን ቋንቋ መዘገበ። ዊልያም ራይት፣ ከመቅደላ የተወሰዱትን ጨምሮ፣ ከዚያ ወዲህ ሙዚየሙ ያገኛቸውን በ1877 በእንግሊዝኛ ዘረዘረ፤ በዚያው ዓመት ዞተንበርግ የፓሪሱን በፈረንሳይኛ አወጣ። አንቷን ዳባዲ 234 ቁጥሮች ያሉትን የራሱን ስብስብ በ1859 ራሱ መዘገበው፤ ያንኑ ስብስብ ማርዩስ ሼንና ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ከ1912 ጀምሮ ለየብቻቸው እንደ ገና መዘገቡት። ራይት ዘንድ አንዱ ብራና ሙዚየሙ የሰጠው ቁጥር አለው፤ ራይት በሮማ አኃዝ የሰጠውም ሌላ ቁጥር አለው። በ1973 የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ደግሞ በአገር ውስጥ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉትን ከ9 ሺህ በላይ ብራናዎች አነሣ፤ ቅጂዎቹ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል፣ በሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ። እያንዳንዱ መዝገብ በየቋንቋው፣ በየቁጥሩ፣ በየአጻጻፉ የራሱ ደሴት ነው።

ደሴቶቹ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ዋሽንግተን የሚገኘው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት በስጦታ ካገኛቸው የኢትዮጵያ ብራናዎች መካከል ገድለ ጳውሎስንና ገድለ ሰራባሞንን የያዘ አንድ መጽሐፍ ነበር። ይኸው መጽሐፍ በደብረ ሊባኖስ ገዳም ሳለ በማይክሮፊልም የተነሣ መሆኑ ታወቀ። አንድ ብራና፣ ሁለት ቁጥር፣ ሁለት አገር። ትምህርት ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2016 መጽሐፉን ወደ ገዳሙ መለሰው። የሁለት ስብስቦች መረጃ ጎን ለጎን መነበቡ አንድን ስደተኛ መጽሐፍ አገሩ አስገባው ማለት ነው። ከዚህ በላይ ለመዝገቦች መገናኘት ምን ይከራከርለታል?

‹ጎን ለጎን› ማለቴን ግን ልብ በሉልኝ። ነጩንና ቀዩን ጤፍ በአንድ ጎተራ የገለበጠ ሰው ሰርገኛ ያገኛል እንጂ መልሶ የየባለቤቱን ሊለይ አይችልም። እኔና ወዳጆቼ ያደረግነው ይህንን ነው።

መዝገብ የሚያጣምር ሰው ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራል። አንዱን ሁለት ያደርጋል፤ ወይም ሁለቱን አንድ ያደርጋል። ሁለቱ ስሕተቶች ሲመዘኑ እኩል አይመስሉኝም። ጊዮርጊስ ዘጋሥጫና ጊዮርጊስ ዘሰግላ አንድ ሊቅ ናቸው፤ የመጽሐፈ ምሥጢር ደራሲ። በሁለት ረድፍ ቢጻፉ ፈላጊ ይደክማል፣ ይናደዳል፤ ግን ሁለቱም ዓይኑ ፊት ስላሉ አንድ ቀን የሚያውቅ ሰው መጥቶ ያጋባቸዋል። ተቃራኒውን እንይ። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡትና እነ መጽሐፈ ብርሃን በስማቸው የሚጠሩት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ አሉ፤ ሐተታው በስሙ የሚታወቀው፣ የአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ሰው ነው የሚባለው ፈላስፋ ዘርአ ያዕቆብም አለ። ስማቸው በፊደል ሳይቀር ይገጥማል። የእኛን ቁልፍ ብትጫኑ ንጉሡና ፈላስፋው አንድ ይሆናሉ፤ የማያውቅ አንባቢም ሁለት ሰዎች እንደ ነበሩ የሚጠረጥርበት ምልክት አያገኝም። እነዚህ ዝነኞች ስለ ሆኑ አንድ ሰው ይደርስላቸዋል እንበል። የክፍለ ሀገሩ መምህርስ ማን አላቸው? ሴት ልጃቸው ባትደውል ኖሮ ማንም።

በርእስም እንደዚሁ ነው። መጽሐፈ ምሥጢር የአባ ጊዮርጊስ ነው፤ መጽሐፈ ምሥጢረ ሰማይ ወምድር የተባለው ግን ሌላ ድርሰት ነው። ረጅም ርእስ እያሳጠረ የሚመዘግብ ሰው ሁለቱን ሊደባልቃቸው ይችላል። በአንጻሩ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በሮም ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በሽፋኑ ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፤ በኋላ የመጣነው ግን «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው ያንኑ ነው። ደራሲውንም ያየ እንደሆነ ከአፈወርቅ እስከ አፌቮርክ ያለውን መንገድ ሁሉ ያገኘዋል፤ የላቲን ፊደል ስማችንን እንደ ጣሊያን፣ እንደ እንግሊዝና እንደ ፈረንሳይ አፍ እየለዋወጠ ሲጽፈው ኖሯል።

የዓመተ ምሕረቱ ነገርማ ተረት የሚያሰኝ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። የውጭ አገሩ መዝገብ 1966 ይለዋል፤ ወይም ደንገጥ ያለው መዝጋቢ 1958ን እንዳለ ይወስድና የፈረንጅ ዓመት ያደርገዋል። ሁለቱን ያጣመረ ቋት መጽሐፉ ሁለት ጊዜ እንደ ታተመ ይመሰክራል። አፈወርቅ ጋ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ 1908 የሮም ዓመት ነውና፣ የእኛ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ልብ ወለዱን በስምንት ዓመት ገደማ ያዘገየዋል። በሁለት የዘመን አቆጣጠር የሚኖር ሕዝብ መዝገብ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የማን ዓመት እንደሆነ ካልጻፈ፣ የታሪካችንን ቅደም ተከተል እንደ ካርታ ጨዋታ ይበውዘዋል።

ስለ ፊደሎቹም አንድ ነገር ልበል። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው ክርክር አሮጌ ነው፤ እዚህ አልከፍተውም። ሆኖም በግእዝ መሀረ ማለት አስተማረ ነው፤ መሐረ ማለት ይቅር አለ። መምህር ከፊተኛው፣ ምሕረት ከኋለኛው ይወጣሉ። ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው፤ ሰአለ ለመነ። ለፍለጋ ሲባል እነዚህን ማመሳሰል ግድ ነው፤ በስልኩ ‹ጸሀይ› ብሎ የሚፈልግ ወጣት ‹ፀሐይ›ን ማግኘት አለበት። የእኛ ጥፋት የፍለጋውን አጻጻፍ በመጽሐፉ አጻጻፍ ላይ መጫናችን ነበር። ከበስተኋላ የሚቀመጥ፣ ለኮምፒዩተሩ ብቻ የሚታይ ሌላ ዓምድ ይበቃን ነበር። ደራሲው በሽፋኑ ላይ በ‹ኀ› የጻፈውን ስሙን እኔ ማን ሆኜ ነው በ‹ሀ› የምለውጥበት?

የኤክሴሉ ወዳጄ በዚህ አይስማማም። «ፈላጊ አንድ መልስ ነው የሚፈልገው፤ ሦስት ረድፍ ካየ ትቶህ ይሄዳል» ይለኛል። እውነት አለው። የምመልስለት ግን አንድ መልስ ማሳየትና አንድ መልስ ብቻ ማስቀረት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። ከፊት አንድ ረድፍ ይታይ፤ ከኋላው ግን ደብተሩ ያለው፣ ኤክሴሉ ያለው፣ የእኔ ዝርዝር ያለው፣ እያንዳንዱ በራሱ ቃል ይቀመጥ። ማን አጣመራቸው? ለምን? በየትኛው ቀን? ይህም ይጻፍ፤ የተጋባው መፋታት ይችል ዘንድ። እ.ኤ.አ. በ2016 በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ‹ቤተ መጻሕፍት› የተባለው የኢትዮጵያና የኤርትራ ብራናዎች ሥራ ወደዚህ የተጠጋ ነው። ለእያንዳንዱ ድርሰት፣ ሰውና ቦታ የራሱን መለያ ይሰጣል። ስሙ በአሥር መንገድ ቢጻፍ መለያው አንድ ነው፤ ሞክሼዎች ቢመጡ መለያቸው ሁለት።

መለያውን የሚሰጠው ግን ሰው ነው፤ ያነበበ ሰው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ኮሌጅቪል ተቀምጠው፣ ከዊልያም ማኮምበር ጋርም ለብቻቸውም፣ እነዚያን ማይክሮፊልሞች ብራና በብራና እያነበቡ መዘገቡ። በ2021 እስኪያርፉ ድረስ ከዚያ ዓለም አልወጡም። ይህ ድርሰት ያኛው ነው፣ ይህ ያኛው አይደለም የሚለው ፍርድ በአንድ ቁልፍ የሚገኝ አይደለም፤ የሥነ ጽሑፍ ፍርድ ነው። የአገራችን ቤተ መጻሕፍት መዝገቦቻቸውን የሚያገናኙበት ቀን ሲመጣ፣ የኮምፒዩተር ባለሙያው ከሚቀመጥበት ጠረጴዛ አጠገብ ለአንባቢም ወንበር ይዘጋጅ እላለሁ። ሥራው ይዘገያል። ይዘግይ።

እኛም ዝርዝራችንን እንደ አዲስ ጀምረነዋል። የቀይ ቀለሙ ማስታወሻ አሁን የራሱ ዓምድ አለው። የመምህሩ «ግጥሞች» ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ልጃቸው የሽፋኑን ፎቶግራፍ ልካልናለች፣ ስማቸውም በሽፋኑ ላይ እንዳለ በ‹ኀ› ተጽፏል። ሌላ ጥንድ ግን ይዞኛል። በ1960ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በአንድ ስም ሁለት መድበሎች ወጥተዋል፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ አሥመራ ታትሟል። ወዳጆቼ ‹አንድ ሰው ነው፣ አጋባቸው› ይሉኛል። አንድ የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ የአሥመራውን አገኛለሁ ብሎኛል። መቅድሙን እስካነብ ድረስ በሁለት ረድፍ ትቻቸዋለሁ።